ወንፊቱ ያሳለፈው ፍጥረት

በየቤታችን ወንፊት አለ። ዱቄት ሲነፋ የላመው ወደ ታች ይወርዳል፤ ገለባውና ጠጠሩ ከላይ ይቀራል። የቤት እመቤት የምትጠነቀቀው ለወረደው ነው፤ ከላይ የቀረውን አራግፋ ትደፋዋለች። የባሕርን ወለል የሚመረምሩ ሊቃውንትም ዋና መሣሪያቸው ይኸው ወንፊት ሲሆን የእነርሱ ነገር ግን የተገላቢጦሽ ነው። ከጥልቁ ያወጡትን ጭቃ በመርከቡ ላይ በወንፊት አፍስሰው በውሃ ያጥቡታል፤ ጭቃው ሲወርድ ከላይ የቀረውን ይሰበስባሉ፤ የሚፈልጉት እርሱን ነውና። ታዲያ የወንፊቱ ቀዳዳ ሰፋ ያለ እንደ ሆነ ከጭቃው ጋር አብሮ የወረደው ፍጥረት ሁሉ እንዳልነበረ ይቆጠራል።

የዛሬው ጽሑፋችን የሚያወሳው ከባሕር ዳርቻ ርቀው በወለሉ ደለል ውስጥ ስለሚኖሩት ጥቃቅንና ታላላቅ እንስሳት ነው። አንባቢ «የትል ቆጠራ ለእኔ ምኔ ነው?» ይል ይሆናል። ነገር ግን ሊቃውንት ስለ ባሕር ወለል «ሕይወት የለበትም» ብለው የፈረዱበት ጊዜ ነበር። ይህ ፍርድ ሲሻር «አለ፤ ግን ጥቂት ነው» ተባለ፤ እርሱም ተሻረ። በዘመናችን ደግሞ የማዕድን ኩባንያዎች በዚያው ወለል ላይ ሥራ ለመጀመር ሲዘጋጁ «በዚያ ማን ይኖራል?» የሚለው ጥያቄ ከመማሪያ ክፍል ወጥቶ ከመንግሥታት ጠረጴዛ ላይ ደርሷል። በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

«ከዚህ በታች ሕይወት የለም»

በ1841 ዓ.ም. ኤድዋርድ ፎርብስ የተባለ ብሪታንያዊ የተፈጥሮ ሊቅ ቢከን በምትባል የጦር መርከብ ተሳፍሮ በግሪክና በቱርክ መካከል ወዳለው ወደ ኤጌ ባሕር ሄደ። መሣሪያው አፉ በብረት የተሠራ ከረጢት ሲሆን በገመድ ታስሮ ይወርድና ወለሉን እየጠረገ ይጎተታል። ፎርብስ ይህን ከረጢት እስከ 420 ሜትር ገደማ እያወረደ ሲመረምር ወደ ታች በወረደ ቁጥር የሚያገኛቸው እንስሳት እየቀነሱ መሄዳቸውን ተመለከተ። ከዚህም ተነሥቶ አሰላና፣ ከ550 ሜትር ገደማ በታች ሕይወት ያለው ነገር አይገኝም ሲል ደመደመ።

ሐሳቡ ለብዙዎች እውነት መሰላቸው። በጥልቁ ባሕር ብርሃን የለም፤ ብርዱ ጽኑ ነው፤ ከላይ የተጫነው ውሃ ክብደትም እጅግ ከባድ ነው። በእንዲህ ያለ ሥፍራ ማን ይኖራል? ነገር ግን በፎርብስ ስሌት ውስጥ ያልገቡ ሁለት ነገሮች ነበሩ። የመጀመሪያው፣ የመረመረው ባሕር በምግብ ድኻ የሆነ ባሕር ስለ ነበረ በእርሱ ለክቶ ስለ ውቅያኖስ ሁሉ መናገር የማይቻል መሆኑ ነው። ሁለተኛው፣ ያ ከረጢት ጥቃቅኑን ለመያዝ የተሠራ አለመሆኑ ነው። ሰውየው ያልያዘውን ሁሉ እንደሌለ ቆጠረው።

ማስረጃውም ቢሆን አስቀድሞ ተገኝቶ ነበር። በ1818 ጆን ሮስ የተባለ የመርከብ አዛዥ ከግሪንላንድ በስተ ምዕራብ በባፊን ወሽመጥ ጥልቀት ሲለካ ትሎች ያሉበትን ጭቃ ከታላቅ ጥልቀት አውጥቶ ነበር፤ ይሁን እንጂ ልብ ያለው ሰው ጥቂት ነበር። በ1860 ደግሞ በሰርዲኒያ ደሴትና በአልጄሪያ መካከል ተዘርግቶ የነበረ የቴሌግራፍ ገመድ ተበላሽቶ ሲነሣ፣ ከ2,000 ሜትር በላይ በሚሆን ጥልቀት ላይ በነበረው ክፍሉ ኮራልና ሌሎች እንስሳት ተጣብቀውበት ተገኙ። ከላይ ሞተው የወደቁ ናቸው እንዳይባል፣ በገመዱ ላይ ተተክለው ያደጉ ነበሩ። ሊቃውንት በመጽሐፍ ሲከራከሩበት የኖረውን ጉዳይ አንድ የተበላሸ ገመድ ፈረደው ማለት ነው።

ከዚያ ወዲያ መርከቦች በተከታታይ ወጡ። በ1869 ፖርኪዩፓይን የተባለችው የብሪታንያ መርከብ ከ4,000 ሜትር በላይ ከሚሆን ጥልቀት ሕያው እንስሳትን አወጣች። ከ1872 እስከ 1876 ደግሞ ቻሌንጀር የተባለችው መርከብ በሊቁ በዋይቪል ቶምሰን መሪነት ዓለምን ዞራ 4,700 የሚያህሉ እስከዚያ ያልታወቁ ዝርያዎችን ይዛ ተመለሰች። የምርምሩ ውጤት ታትሞ ሲያበቃ 50 ጥራዝ ሆነ። በ1951 ጋላቴያ የተባለችው የዴንማርክ መርከብ በፊሊፒንስ አጠገብ ካለው የባሕር ገደል ከ10,000 ሜትር በላይ ከሚሆን ጥልቀት እንስሳትን ስታወጣ፣ ሕይወት የማይወርድበት ጥልቀት አለ የሚለው ነገር ጨርሶ ተዘጋ።

ከምን አለ ወደ ስንት አለ

እነዚህ መርከቦች «ምን አለ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ሰጡ። «ስንት አለ?» የሚለውን ያነሣው ግን የዕለት እንጀራ ጉዳይ ነው። ዮሐንስ ፒተርሰን የተባለው የዴንማርክ ሊቅ የአገሩ ዓሣ አጥማጆች የሚያጠምዱት ጠፍጣፋ ዓሣ በባሕሩ ወለል ላይ ምን ያህል ምግብ እንደሚያገኝ ለማወቅ ፈለገ። ከብት አርቢ የግጦሹን መሬት ሳያይ ስንት ከብት እንደሚያረባ ሊናገር አይችልም፤ የዓሣውም ነገር እንዲሁ ነው። ስለዚህ ፒተርሰን በ1910ዎቹ መጀመሪያ ላይ ሁለት የብረት መንጋጋ ያለው መዛቂያ አሠርቶ ወደ ወለሉ አወረደ። መንጋጋው ሲገጥም ከካሬ ሜትር አንድ አሥረኛ የሚሆነውን ወለል ከነጭቃው ቆርጦ ያነሣል። ጭቃው በወንፊት ታጥቦ እንስሳቱ አንድ በአንድ ይቆጠራሉ፤ ይመዘናሉ። የባሕር ወለልም እንደ እርሻ መሬት በካሬ ሜትር የሚለካ ሆነ።

ይሁን እንጂ የፒተርሰንም ወንፊት ቀዳዳ ነበረው። በእንግሊዝ አገር በፕሊመዝ ወደብ አቅራቢያ ያለውን ጭቃ የመረመረችው ሞሊ ሜር የተባለች ሊቅ፣ ትልቁ ወንፊት ካስቀራቸው በታች ግን ከባክቴሪያ በላይ የሆነ አንድ የፍጥረት ማኅበር እንዳለ አስረዳች። በ1942 ባወጣችው ጽሑፍ ይህን ማኅበር «ሜዮቤንቶስ» አለችው፤ ሜዮ ማለት በግሪክ ቋንቋ «ያነሰ» ማለት ሲሆን ቤንቶስ ደግሞ ጥልቁን ያመለክታል። ከዚህም ወዲህ የደለሉ ነዋሪዎች በመጠናቸው፣ ይኸውም በወንፊቱ ቀዳዳ፣ ተከፋፍለው ይጠናሉ።

በደለሉ ውስጥ ማን ማን አለ

የመጀመሪያዎቹ ወንፊት የማያሻቸው፣ በፎቶግራፍ የሚታዩት ታላላቆቹ ናቸው። ከእነዚህም ውስጥ ቀጫጭን ክንዶቻቸውን እንደ እባብ የሚያውለበልቡት የባሕር ኮከቦች፣ በጭቃው ላይ ቀስ እያሉ የሚሄዱትና በቅርጻቸው ኪያር የሚመስሉት እንስሳት፣ ሸርጣኖችም ይገኛሉ። ሁለተኞቹ ቀዳዳው አንድ ሚሊ ሜትር ወይም ግማሽ ሚሊ ሜትር በሆነ ወንፊት ላይ የሚቀሩት ናቸው፤ በጥልቁ ባሕር ግን ነዋሪዎቹ ስለሚያንሱ ወንፊቱ እስከ 0.3 ሚሊ ሜትር ይጠባል። በእነዚህ መካከል ብዙውን ጊዜ የሚበዙት ፖሊኬት የሚባሉት፣ በጎንና በጎናቸው ጠጉር ያላቸው ትሎች ናቸው። ጥቃቅን ባለ ዛጎሎችና የሸርጣን ዘመዶችም አብረዋቸው ይኖራሉ።

ሦስተኞቹ ከዚያ ሾልከው የሚያልፉት፣ ከአንድ ሚሊ ሜትር አንድ ሃያኛ በሚያህል ቀዳዳ ካልሆነ በቀር የማይያዙት ናቸው። በእነዚህ መካከል ገናናው ኔማቶድ የሚባለው ድቡልቡል ትል ነው፤ በብዙ ሥፍራ ከመቶው ሰማንያና ዘጠና የሚሆኑት እርሱ ናቸው። በባሕር ዳር አካባቢ ባለው ጭቃ በአንድ ካሬ ሜትር ውስጥ የዚህ ማኅበር ቁጥር አንድ ሚሊዮን መድረሱና ከዚያም ማለፉ የተለመደ ነገር ነው። እንስሳቱ ብዙውን ጊዜ ከጭቃው ቀለም ስለማይለዩ ሊቃውንቱ ደማቅ ሮዝ ቀለም ይጨምሩበታል። ቀለሙ ከአካላቸው ጋር ሲዋሐድ በማይክሮስኮፕ ሥር እንደ ቀይ ክር ይታያሉ። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ትዕግሥት ነው፤ በቀጭን መርፌ አንድ በአንድ ማንሣት፣ መለየት፣ መቁጠር።

የእነዚህ ሁሉ ምግብ በአብዛኛው ከላይ የሚመጣ ነው። ብርሃን በሚደርስበት በባሕሩ ገጽ የበቀለውና የኖረው ነገር ሲሞት፣ ፍርፋሪው እንደ በረዶ ብናኝ እየሆነ ወደ ታች ይወርዳል፤ ከጥልቁ የሚደርሰው ግን ከመቶው ጥቂት እጅ ብቻ ነው። የደለሉ ነዋሪዎች ይህን ፍርፋሪ ይበላሉ፤ ጭቃውን እየዋጡ ያወጣሉ፤ ጉድጓድ እየቆፈሩ የላዩን ወደ ታች፣ የታቹን ወደ ላይ ያገላብጣሉ። በባሕር ዳር አካባቢ ባለው ጭቃ ኦክሲጅን የሚዘልቀው ከገጹ ትንሽ ዝቅ ብሎ ብቻ ነው፤ ከዚያ በታች ጭቃው ይጠቁርና ይሸታል። ትሉ ጉድጓዱን ሲቆፍር ግን ውሃና አየር አብረውት ይገባሉ። ማረሻ የሌላቸው አራሾች ብንላቸው ከእውነት የራቅን አይሆንም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደ ተባለው፣ ከፍርፋሪው የቱ ተበልቶ ወደ ውሃው እንደሚመለስና የቱ ለዘመናት ተቀብሮ እንደሚቀር ከሚወስኑት መካከል እነዚህ ጥቃቅን ፍጥረታት ናቸው።

ባሕር በሌለው አገር ያለ የባሕር ወለል

እኛ ባሕር የለንም፤ የባሕር ወለል ግን አለን። ከመቀሌ አካባቢ ጀምሮ እስከ ዓባይ ሸለቆ ድረስ በየገደሉ የሚታየው የኖራ ድንጋይ ከ150 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት ምድራችንን ሸፍኖ በነበረ ባሕር ሥር የተጠራቀመ ደለል ነው። በ1868 ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወደ መቅደላ የመጣው ዊልያም ብላንፎርድ የተባለው የመሬት ጥናት ሊቅ በትግራይ ያየውን ይህን ድንጋይ በአንጣሎ ከተማ ስም ጠራው፤ በዓለም የመሬት ጥናት መጻሕፍትም እስከ ዛሬ የአንጣሎ ኖራ ድንጋይ ይባላል። ድንጋዩን ቀረብ ብሎ ያየ ሰው ዛጎሎችና የባሕር ቀንድ አውጣዎች ደንድነው ተቀምጠውበት ያገኛል። ሲሚንቶ የምንሠራበት፣ ቤት የምናንጽበት ይህ ድንጋይ የእነዚያ የደለል ነዋሪዎች መቃብር ነው። እንግዲህ ስለ ባሕር ወለል ማወቅ ለእኛም ቢሆን የሩቅ አገር ወሬ ብቻ አይሆንም።

ጨው የሌለው ውሃ ያወጣው ምሥጢር

ወደ ሕያዋኑ እንመለስ። ወንፊት ማጥበብ ብቻ የማይበቃበት ጊዜም አለ። በ1982 ራይንሃርት ክሪስተንሰን የተባለ የዴንማርክ ሊቅ በፈረንሳይ አገር ሮስኮፍ በምትባል የባሕር ዳር ከተማ ምርምሩን ሊያጠናቅቅ ተቃርቦ ነበር። ከባሕሩ የወጣ ብዙ የዛጎል ጠጠር ቀርቶታል፤ ጊዜው ግን አልቋል። በተለመደው ዘዴ በጥንቃቄ ለማጠብ ስላልቻለ ጠጠሩን ጨው በሌለው ውሃ አጠበው። በጠጠሩ ላይ አጥብቀው የተጣበቁ ጥቃቅን እንስሳት ያልለመዱት ውሃ ሲነካቸው ደንግጠው ለቀቁ፤ በእነርሱ መካከልም ከዚያ በፊት ታውቆ ከነበረው እንስሳ ሁሉ የተለየ ፍጥረት ተገኘ። ርዝመቱ ከአንድ ሚሊ ሜትር ሩብ ገደማ ነው፤ አካሉ በጠንካራ ልብስ ተሸፍኗል።

በ1983 ክሪስተንሰን ፍጥረቱን ለዓለም ሲያስተዋውቅ «ሎሪሲፌራ»፣ ማለት ጥሩር ለባሽ፣ ብሎ ሰየመው። ነገሩ ምን ያህል ታላቅ እንደ ሆነ ለመረዳት ይህን ማሰብ ይበቃል። ሊቃውንት እንስሳትን ሁሉ ከሠላሳ በሚበልጡ ታላላቅ ነገዶች ይከፍሏቸዋል፤ ሰውና በሬ፣ ዶሮና እባብ፣ እንቁራሪትና ዓሣ ሁሉም በአንዱ ነገድ ውስጥ ይጠቃለላሉ። ጥሩር ለባሹ ግን ከነባሮቹ ነገዶች በአንዱም ሊገባ ስላልቻለ ራሱን የቻለ አዲስ ነገድ ተቋቋመለት። የሰው ልጅ በጨረቃ ላይ ከተራመደ ከ13 ዓመት በኋላ፣ ያውም ከፈረንሳይ ጠረፍ ብዙ ሳይርቅ፣ በ25 ሜትር ገደማ ጥልቀት፣ አንድ ሙሉ የእንስሳት ነገድ ሳይታወቅ ተቀምጦ ኖሯል።

በሃያ አንድ ካሬ ሜትር ውስጥ

በጥልቁ ባሕር «አለ፤ ግን ጥቂት ነው» የሚለውን ፍርድ የሻሩት ሮበርት ሄስለርና ሃዋርድ ሳንደርስ የተባሉ የአሜሪካ ሊቃውንት ናቸው። በ1960ዎቹ ውስጥ ከአሜሪካ ምሥራቃዊ ጠረፍ እስከ ቤርሙዳ ባለው የአትላንቲክ ወለል ላይ መረቡ ደቃቅ የሆነ፣ ሲነሣም መዝጊያው የሚከደን መሣሪያ ጎተቱ። በመንገድ ላይ የሚታጠብና የሚጠፋ ነገር ስላልነበረ በአንድ ጉተታ ብቻ ከ300 የሚበልጡ ዝርያዎች ወጡ። ጥልቁ ባሕር በእንስሳት ብዛት ከዳርቻው ቢያንስም በዓይነት ግን ባለጠጋ መሆኑ ታወቀ።

ከዚህም የሚበልጠው ከ1984 እስከ 1986 የተደረገው ቆጠራ ነው። የአሜሪካ መንግሥት በአትላንቲክ ጠረፉ ነዳጅ ዘይት ማስፈለግ አስቦ ስለ ነበረ በወለሉ ላይ ያለው ሕይወት አስቀድሞ እንዲጠና ገንዘብ መደበ። ፍሬድሪክ ግራስልና ናንሲ ማቾሌክ ከኒው ጀርሲና ከዴላዌር ግዛቶች ፊት ለፊት፣ ከ1,500 እስከ 2,500 ሜትር ጥልቀት፣ 233 ጊዜ ጭቃ በሣጥን ተቆርጦ የወጣበትን ምርምር ውጤት በ1992 አሳተሙ። የተመረመረው ወለል ሁሉ ቢደመር 21 ካሬ ሜትር ነው፤ ይኸውም እንደ አንድ መጠነኛ ክፍል ማለት ነው። በዚህ ውስጥ 90,677 እንስሳት ተቆጠሩ፤ 798 ዝርያዎችም ተለዩ። ከእነዚህ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ለሳይንስ አዲስ ነበሩ።

ግራስልና ማቾሌክ ከዚህ ተነሥተው በዓለም ጥልቅ ባሕር አሥር ሚሊዮን ዝርያዎች ሳይኖሩ አይቀሩም የሚል ግምት አቀረቡ። ሮበርት ሜይ የተባለው ሊቅ ደግሞ ግምቱ በዝቷል፣ ግማሽ ሚሊዮን ቢባል ይሻላል ሲል ተቃወመ። እኛ በሊቃውንቱ መካከል ገብተን አንፈርድም፤ ነገር ግን አንድ ነገር እናስተውላለን። በዚያ ቆጠራ የተጠቀሙበት ወንፊት ቀዳዳው 0.3 ሚሊ ሜትር ነበር። ይኸውም ኔማቶዶቹና ጥሩር ለባሾቹ፣ ያ ሁሉ የሜዮቤንቶስ ማኅበር፣ ከቆጠራው ውጭ ነበር ማለት ነው።

ድንጋዩና ትሉ

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ደረስን። በሰላማዊ ውቅያኖስ፣ በሃዋይ ደሴቶችና በሜክሲኮ መካከል፣ ክላሪዮን ክሊፐርተን የሚባል ሰፊ ሜዳ ከ4,000 እስከ 5,500 ሜትር ጥልቀት ተዘርግቷል። በሜዳው ላይ ድንች የሚያህሉ ጥቋቁር ድንጋዮች ተበትነዋል፤ በውስጣቸው ማንጋኒዝ፣ ኒኬል፣ መዳብና ኮባልት አለ። አንዱ ድንጋይ በሚሊዮን ዓመት ውስጥ የሚያድገው ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ሥፍራው ከአገሮች ወሰን ውጭ ስለሆነ የሚተዳደረው መቀመጫው በጃማይካ፣ በኪንግስተን ከተማ በሆነው በዓለም አቀፉ የባሕር ወለል ባለሥልጣን ነው። ባለሥልጣኑ የፍለጋ ውል ለብዙ ድርጅቶች ሰጥቷል፤ ይሁን እንጂ እስከ 2024 መጨረሻ ድረስ ድንጋዩን ለገበያ የማውጣት ሥራ አልተጀመረም ነበር።

የሁለቱም ወገን ክርክር ክብደት አለው። አንደኛው ወገን ዓለም ለባትሪና ለኤሌክትሪክ መሣሪያ ኒኬልና ኮባልት ያስፈልገዋል፤ በየብስ ሲቆፈር ደን ይመነጠራል፣ ሰው ይፈናቀላል፤ በጥልቁ ግን የሚፈናቀል ሰው የለም ይላል። ሌላው ወገን ደግሞ ሰው ባይኖርም ባዶ አይደለም ሲል ይመልሳል። በ2023 የወጣ አንድ ጥናት በዚያ ሜዳ እስከ ዚያን ጊዜ የተመዘገቡትን የእንስሳት ዝርያዎች 5,578 ሲያደርስ፣ ከመቶው ዘጠና ያህሉ ገና የሳይንስ ስም ያልወጣላቸው ናቸው ብሏል።

መሬቱ ከታረሰ በኋላ ምን እንደሚሆንም በጥቂቱ ታውቋል። በ1989 የጀርመን ሊቃውንት በፔሩ ፊት ለፊት ካለው ጥልቅ ባሕር ላይ ለሙከራ ያህል ወለሉን አረሱት፤ በ2015 ተመልሰው ሲያዩት የማረሻው ፈለግ እንደ ትናንት ሆኖ ቆያቸው። በክላሪዮን ክሊፐርተንም በ1978 አንድ የሙከራ መኪና ድንጋይ የሰበሰበበት ፈለግ ነበር። ከ26 ዓመት በኋላ ከዚያ ፈለግ ላይ ጭቃ ተወስዶ ሲመረመር የኔማቶዶቹ ቁጥርም ዓይነትም ካልተነካው ሥፍራ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ልብ እንበል። ይህን ጉዳት የነገረን በትልቁ ወንፊት ላይ የሚቀረው እንስሳ አይደለም፤ ሾልኮ የሚያልፈው ነው። ደቃቁ ወንፊት ባይኖር ኖሮ ስለ እነዚያ ትሎች «ምንም አልተጎዱም» ተብሎ ሪፖርት ይጻፍ ነበር።

በዚህ ገጽ አንባቢዎች መካከል በነገው ዕለት ጥናት የሚያጠኑ ተማሪዎች፣ መዝገብ ከፍተው «በዚህ ሥፍራ ይህ ይህ አለ፤ ይህ ግን የለም» ብለው የሚፈርሙ ወጣት ሹማምንት ይኖራሉ። ፎርብስ ሰነፍ አልነበረም፤ በትጋት ሠርቷል፤ የጻፈውም ያየውን ነው። ስሕተቱ «አላገኘሁም» ማለት ሲገባው «የለም» ማለቱ ነው። በሁለቱ ቃላት መካከል ያለው ርቀት ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ከቻሌንጀር 4,700 ዝርያዎች ጀምሮ እስከ ጥሩር ለባሹ ነገድ ድረስ ያየነው ሁሉ የተገኘው በዚያ ርቀት ውስጥ ነው።

ስለዚህ «የለም» የሚል ሪፖርት ሲቀርብልን፣ ስለ ባሕር ወለልም ይሁን ስለ ሌላ ጉዳይ፣ ከመፈረማችን በፊት አንድ ጥያቄ እናንሣ፤ የወንፊቱ ቀዳዳ ስንት ነበር?